የአቶ እንየው ፎቅና የእኔ ፊርማ

ሜትር መግዛት መዘዝ እንዳለው ማንም አልነገረኝም። ዕቃው ሲታይ የዋህ ነው፤ ሲስቡት እየተንጣጣ ይወጣል፣ ሲለቁት ሮጦ ቤቱ ይገባል። የገዛሁት ለሥራዬ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ሥራዬ ሰዉ ሽንት ቤት እንዲቆፍር መምከር፣ የቆፈረውን መለካት፣ ያልቆፈረውን መጨቅጨቅ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" በሚባልበት አገር እኔም ዶክተር ተባልኩ። ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተንበርክኬ ሜትር ስሰድ ያየኝ ሰው ግን የምን ዶክተር እንደሆንኩ አይጠፋውም።

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አስጠሩኝና ባለ ማኅተም ወረቀት ሰጡኝ። አነበብኩት። አዲስ የቤት አሠራር ደንብ ነው። ቃሉ ረዥም ቢሆንም ፍሬው አጭር ነው፤ ከእንግዲህ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ሥራው በባለሙያ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ካልተሰጠው በቀር አይገባበትም።

"ደግ ደንብ ነው" አልኩ፤ ነገሩ እኔን የሚነካኝ ስላልመሰለኝ።

"ደግስ ደግ ነው። ባለሙያው ነው የሌለን። ወደ በላይ ብጽፍ 'ካላችሁ ሠራተኛ ምረጡ' የሚል መልስ መጣልኝ። ካሉን ሠራተኞች ደግሞ ሜትር ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። እሱንም በኩራት።

ሹሙ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። መሾሜን ያወቅሁት እጄ እጃቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

"ጌታዬ፣ እኔ የተማርኩት እኮ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ነገር አላውቅም።"

"ያው ነው፤ ገልብጠህ ለካው" አሉና ፎርሙን አሸከሙኝ።

ፎርሙ ሁለት ገጽ ነው። የመስኮቱን ስፋት ይጠይቃል። ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይጠይቃል። የቆርቆሮውን ብዛት፣ የበሩን ቀለም፣ የባለቤቱን የአያት ስም ይጠይቃል። ቤቱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል የሚል ጥያቄ ግን የለበትም። ያን ጊዜ ይህ አላሳሰበኝም። እንዲያውም ጥያቄው ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል፤ ቢኖር ምን ብዬ ልመልስ ነበር?

ለሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራሁ። የማየው ሁሉ የጭቃ ቤት ነበርና። የጭቃ ቤት አወዳደቁ እንደ ሽማግሌ ነው፤ አስቀድሞ ያዘማል፣ ከዚያ በአንድ ጎኑ ይደገፋል፣ ከዚያ ልጅ የልጅ ልጅ እስኪሰናበተው ይጠብቃል። ማንንም ሳያስጠነቅቅ የሞተ የጭቃ ቤት አላየሁም። ስለዚህ ለካሁ፣ ሞላሁ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬም በዚያው ሰሞን አማረ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ቀለበት የሚዞር ጭራ ጨመርኩለት።

ችግሩ የመጣው ከአቶ እንየው ነው። አቶ እንየው የከተማው ትልቅ የእህል ነጋዴ ናቸው። አንድ ጊዜ ዓባይ ድልድይን ተሻግረው አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ሌላው ሰው ዕቃ ሲያመጣ እሳቸው ሐሳብ ይዘው መጡ። ታቹ የእህል መጋዘን፣ ላዩ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ የሆነ ባለ ፎቅ ቤት! ቆርቆሮውን በደጀን በኩል አስመጡ። ግንቡን በድንጋይና በጭቃ አቆሙ። ለፎቁ ወለል በከተማው የታወቀውን አናጢ ቀጠሩ። አናጢው የታወቀው አልጋ በመሥራት ነው። ፎቁንም እንደ ትልቅ አልጋ አድርጎ ሠራው።

ልመረምር የሄድኩት ሚያዝያ ላይ ነው። ምርቃቱ ለግንቦት ልደታ ተቆርጦ አርባ ሰው ተጠርቷል። የአውራጃው ገዢ ሳይቀሩ ይመጣሉ። ከታች ጀምሬ ለካሁ፤ ደረጃውን ለካሁ፤ ላይ ወጥቼ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ፎርሙ ሞላ። አቶ እንየው "በል ተቀመጥ፣ አንድ ነገር ቅመስና ትፈርማለህ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። የጠላ ብርጭቆ አስጨበጡኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ምግብ ይዘው ከበሩ ወደ እኔ ሲመጡ፣ በያንዳንዱ እርምጃቸው ጠላዬ ብርጭቆው ውስጥ ዘለለ።

"ወለሉ ተንቀጠቀጠ ልበል?" አልኩ።

"ፎቅ እንዲህ ነው" አሉ አቶ እንየው። "ይተነፍሳል።"

"ይተነፍሳል?"

"አዲስ አበባም ይተነፍሳል። አንተ ፎቅ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?"

ወጥቼ አላውቅም። ዕድሜዬን በሙሉ ከመሬት ተለይቼ የተቀመጥኩት ዛፍ ላይና መኪና ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ አቶ እንየው እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በዚህ መሐል ወይዘሮ ይታይሽ ወጥ ሊጨምሩልኝ አንድ እርምጃ ጠጋ ቢሉ ጠላው ከብርጭቆው ዘሎ ፎርሙ ላይ፣ ልክ መፈረሚያው ቦታ ላይ ፈሰሰ።

እስክሪብቶዬን መልሼ ከተትኩ። "ደንቡ ባለ ፎቅ ቤት ሲሆን ከሞጣው መርማሪ ጋር ተማከሩ ይላል" አልኩ። ደንቡ እንዲህ አይልም። የሞጣው መርማሪ እንደኔ በዚያው ሰሞን መሾሙን ሰምቼ ስለነበር የመጣልኝን ውሸት መዘዝኩ እንጂ።

አቶ እንየው ፊታቸው ጠቆረ። "ለልደታ ትደርሳለህ?"

"እደርሳለሁ።"

"ካልደረስክም ምርቃቱ አይቀርም።"

በማግሥቱ ጨው በጫነ መኪና ላይ ተሰቀልኩ። ከጉንደ ወይን ወዲህ መኪናው ጭቃ ያዘውና ግማሽ ቀን ስንገፋ ዋልን። ሞጣ የገባሁት በሁለተኛው ቀን፣ ከጉልበቴ በታች ምርግ የተመረገ ግድግዳ መስዬ ነው።

የሞጣው መርማሪ ከድር ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ብዙ አይበልጥም። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ።

"አልሐምዱ ሊላህ! እኔ ልመጣልህ ነበር!"

"ለምን?"

"ልጠይቅህ ነዋ! የቢቸናው መርማሪ የተማረ ነው፣ ሜትርም አለው ብለውኛል።"

ተያየን። ከድር ከመሾሙ በፊት ሥራው የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ መጻፍ ነበር። መርማሪ ያደረጉት የእጅ ጽሑፉ ስላማረ ነው።

"ስንት ፈረምክ?" አልኩት።

"ሰባት።"

"ምን አይተህ?"

"ፎርሙን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወላሂ፣ አሁን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰባቱንም ቤቶች በእግሬ እዞራለሁ። ባለቤቶቹ 'ምን ያለ ትጉህ ሰው ነው' እያሉ ያመሰግኑኛል።"

ሁለት መሃይም ተገናኝቶ ቢማከር ሦስተኛ መሃይም ይወለዳል እንጂ ዕውቀት አይወለድም። ደግነቱ ከድር እንደኔ ኩራተኛ አይደለም። "አያ ቢያዝን የሚባሉ ግንበኛ አሉ፤ እስከ ዛሬ ሄጄ ያልጠየቅኋቸው 'መርማሪው አንተ አይደለህም ወይ' እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ሁለት ከሆንን እፍረቱን እንካፈለዋለን" አለና ይዞኝ ሄደ።

አያ ቢያዝን አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ድንጋይ ሲጠርቡ አገኘናቸው። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ መዳፋቸው ከሚጠርቡት ድንጋይ አይለይም። ነገሩን ነገርኳቸው። መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ።

"ወለሉን የተሸከመው እንጨት ምንድነው?" አሉኝ።

"እንጨት ነው" አልኩ።

ከድርን አዩት። ከድር ጫማውን አየ።

"የምን ዛፍ? ውፍረቱ ምን ያህል ነው? ግድግዳው ውስጥ ምን ያህል ገብቷል?"

ፎርሜን ገለጥኩ። "መስኮቱ ሰማኒያ ሳንቲ ሜትር በመቶ ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው" አልኩ፤ የማውቀውን ነገር መናገር ስላማረኝ።

"መስኮቱ ሰፋ ማለቱ ደግ ነው" አሉ አያ ቢያዝን። "ሲወድቁ ይወጡበታል። ስንት ሰው ሊሰበሰብበት ነው?"

"አርባ።"

"ሰውዬው የምን ነጋዴ ነው አልከኝ?"

"የእህል።"

አሁን መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ምን ሞጣ ድረስ አለፋህ? የአርባ ሰው ክብደት ጤፍ ይጫንበታ! ተሸካሚዎቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይሂዱ፤ መሐሉን አይርገጡ። ልጄ፣ ጤፍ ቢፈስ በእጅ ይታፈሳል። ሰው ከፈሰሰ አይታፈስም።"

ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ በትምህርት ቤትም በሥራም፣ እንዲህ አጭር ደንብ ሰምቼ አላውቅም። በመልስ ጉዞዬ መኪናው ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፌ ተቀምጬ አሰላሁ። አርባ ሰው ሃያ አራት ኩንታል ገደማ ይሆናል። አንድ ኩንታል ለጭፈራ ጨመርኩ። ሃያ አምስት።

ቢቸና ደርሼ ይህን ስነግራቸው አቶ እንየው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። "ለሰው የሠራሁትን አዳራሽ መጋዘን ልታደርገው ነው? ምን ያለ ንቀት ነው?" ሹሙም ተጠርተው መጡና ወደ ጥግ ወስደው "አንተ ልጅ፣ የአውራጃው ገዢ ይመጣሉ። ጤፍ ተጭኖበት የተፈተነ ወለል ላይ እንዴት ይቀመጣሉ?" አሉኝ። "ባልተፈተነውስ እንዴት ይቀመጣሉ?" ለማለት ፈልጌ ነበር፤ የወጣኝ ግን "እሺ ጌታዬ" ነው። ለመፈረም ጠረጴዛ መፈለግ ጀመርኩ። የኔ ጀግንነት ይህችን ያህል ናት።

ያዳኑኝ የአቶ እንየው እናት እማሆይ ናቸው። በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተዋል።

"እንየው" አሉ። "እኔም ልደታ ዕለት እዚያ ላይ ልትሰቅለኝ ነው አይደል?"

"አዎ እማሆይ፣ የክብሩ ወንበር የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያው ጫነው። እኔ ግማሽ ኩንታልም አልሞላ፤ የኔን ድርሻ ቀንሰህ ጫነው።"

እናት ተናግራ ምን ይባላል? በማግሥቱ ጧት ተሸካሚዎች ተጠሩ። ከተማው ነገሩን ሰምቶ ሥራውን ፈትቶ መጣ። አምስት ኩንታል ወጣ፤ ዝም። አሥር ወጣ፤ ዝም። አቶ እንየው ደረታቸውን ነፉ። አሥራ አምስት ሲሞላ ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንዱ "ዶክተር፣ አሁንስ ጉድጓድህ ይሻልሃል!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ሳቀ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቆሙ ስላሳፈረኝ ሥራ ያለኝ ለመምሰል ከታች ወደ ባዶው መጋዘን ገባ ወጣ እያልኩ ከመሐለኛው ተሸካሚ እንጨት እስከ መሬት ያለውን በሜትሬ መለካት ጀመርኩ። በአሥራ ስድስተኛው ለካሁ። በአሥራ ሰባተኛው ለካሁ። ሜትሬ የተበላሸ መሰለኝ፤ እንጨቱ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

"ቁሙ!" ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም፤ አሥራ ስምንተኛው እየወጣ ነበር።

ድምፁ አንድ ብቻ ነው፤ ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት፣ ግን የቤት ያህል የሆነ። ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን ይዘው ስለነበር ወደ ደረጃው ዘለሉ። ወለሉ መሐሉ ላይ ተሰብሮ፣ ኩንታሎቹ እየፈነዱ ወረዱ። እኔ ዘልዬ ከበሩ ወጣሁ ልበል ወይስ ጤፉ ገፍቶ አወጣኝ? ብቻ አቧራው ሲገለጥ ደጃፉ ላይ እስከ ወገቤ ነጭ ጤፍ ውስጥ ተተክዬ ቆሜያለሁ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ከግንቡ ሸሸ።

"ዶክተር፣ አለህ?" አሉ አቶ እንየው።

"አለሁ።"

ወይዘሮ ይታይሽ ቀዳዳውን ቀና ብለው አዩት። "ልደታ ዕለት እዚያ መሐል ላይ ወጥ ይዤ የምዞረው እኔ ነበርኩ" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሰው ከሞት ሲተርፍ ያመሰግናል ብላችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ከሳሽ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ሹሙ አንድ ማመልከቻ አሳዩኝ፤ "ቤት እንዲመረምር የተሾመ ሠራተኛ ቤቴን በገዛ ጤፌ አፈረሰብኝ" ይላል። መልሴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ምን ብዬ ልጻፍ? ሦስት ቀን እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ከሥራ ሲያባርሩኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ስገባ፣ አባቴ "ምን አጠፋህ?" ሲለኝ፣ "ፎቅ አፈረስኩ" ስለው ይታየኛል።

ይኸን ያህል እንደተጨነቅሁ ሹሙ ፊት ስቀርብ እማሆይ መቋሚያቸውን እያንኳኩ ገቡ። ሹሙ ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። አልተቀመጡም።

"ልጄ ከሰሰ አሉ" አሉ። "የከሰሰው በሕይወት ስላለ ነው። ልደታ ቢደርስ ኖሮ ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበራችሁ።" ከዚያ ሹሙን ተመለከቱ። "እርስዎም ተጠርተው የለ?"

ሹሙ ተጠርተዋል። እንዲያውም ከገዢው ቀጥሎ፣ መሐሉ ላይ ነበር ወንበራቸው። ማመልከቻውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ መሳቢያውንም ቆለፉት።

አቶ እንየው ለአንድ ወር ሲያዩኝ መንገድ ቀየሩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ። ቆመው ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩና "ያ የሞጣው ሽማግሌ ይመጣል?" አሉኝ።

አያ ቢያዝን ክረምቱ ሲወጣ መጡ። ያንን ግንብ ዞረው አይተው ግማሹን አስፈረሱት። ከየገደሉ ወፋፍራም ወይራና ጥድ አስመጡ፤ ከመሐሉም በድንጋይ መሠረት ላይ ሁለት ምሰሶ ተከሉ። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ድንጋይ በማቀበል ከጎናቸው ተማርኩ። የመስኮቱን ስፋት አንድ ቀንም አልጠየቁኝም። ጥር ላይ ሃያ አምስት ኩንታል ጫንን፤ ዝም አለ። አያ ቢያዝን "አምስት ጨምሩ፣ ጎጃሜ ሲጨፍር አታውቁትም" አሉ። አምስት ተጨመረ፤ ሦስት ቀን አደረ። ስለካው አንድ ጣት አልወረደም።

ፎርሙን ዘረጋሁ። እስክሪብቶዬን ሳወጣ አቶ እንየው እጄን ያዙት።

"ቆይ። አንተ ፈርመህ ትሄዳለህ። የምኖርበት እኔ ነኝ። እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው በምርቃቱ ቀን፣ አርባው ሰው ላይ ሲበላ አንተ ከሥር ትቀመጣለህ። ያኔ ትፈርማለህ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ምርቃቱ በዚያው ጥር፣ አንድ እሑድ ቀን ነበር። መጋዘኑ ተጠርጎ ከመሐሉ፣ ከሁለቱ ምሰሶዎች መካከል፣ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ ባለ ሦስት እግር ዱካ ተቀመጠልኝ። ከጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጠላ፣ ፎርሙና እስክሪብቶው አሉ። ከላዬ ገዢው ገቡ፤ በእግራቸው ድምፅ አወቅኋቸው። ሹሙ ገቡ፤ እሳቸውን ያወቅኋቸው ግድግዳ ግድግዳውን ስለሄዱ ነው። ከድር ከሞጣ መጥቷል፤ ለሱና ለሌሎቹ ሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ ተሠርቶላቸዋል። በየወንበሩ መጎተት አቧራ እየወረደ ወጤ ላይ ያርፋል። አልበላሁም። ቁጭ ብዬ ጣራውን አያለሁ።

ከዚያ ከበሮው ተመታ። እነዚያ አርባ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሡ። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም፣ ዱካዬን በትንሽ በትንሹ ወደ በሩ እየጎተትኩ ኖሯል፤ ደፉ ጋ ስደርስ አንድ ሰው መንገዱን ዘጋው። አያ ቢያዝን ናቸው፤ ሳሕናቸውን ይዘው ከላይ ወርደዋል።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ንፋስ ልቀበል ነው።"

"እዚህም ንፋስ አለ" አሉና ዱካዬን በአንድ እግሩ ይዘው ወደ መሐል መለሱት። እሳቸውም ድንጋይ ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

"ለምን ወረዱ? ላይ የክብር ቦታ ተይዞልዎት የለ?"

"አንተ ከፈረምክ እኔም ሠርቻለሁ" አሉ። እንጀራቸውን ጠቀለሉ። "ብላ፤ አቧራ ነው እንጂ ድንጋይ አልወረደም።"

ከላይ ጭፈራው ጋለ። ምሰሶው ላይ እጄን ባሳርፍ ከበሮው መዳፌ ውስጥ ይመታል፤ እንጨቱ ግን አይነቃነቅም። አያ ቢያዝን ቀና እንኳ ሳይሉ ይበላሉ። እጃቸውን አየሁ፤ ጉርሻው አይንቀጠቀጥም። የኔ እስክሪብቶ ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም አነሣሁት። እዚያው፣ አርባ ሰው ራሴ ላይ እየዘለለ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምፈርም አውቄ ፈረምኩ።

በማግሥቱ ፎርሙን ለሹሙ አስረከብኩ። ፊት ለፊታቸው አድርገው ከቀድሞ ፊርማዎቼ ጋር አስተያዩት። ያቺ እንደ ቀለበት የምትዞር ጭራ የለችም፤ በምትኳ ድመት የጫረችው የመሰለ ነገር አለ።

"ይህ ያንተ ፊርማ አይደለም" አሉ።

"የኔ ነው፤ ከሥር ተቀምጬ ነው የፈረምኩት።"

"ከቀድሞው ጋር ካልተመሳሰለ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። እንደገና ፈርም።"

ከእንግዲህ ከሥሩ ሳልቀመጥ የምፈርምለት ቤት የለም፤ ስለ አንድ ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ እዚያ ልቀመጥ? አልፈርምም አልኩ። ሹሙም አልተቀበሉም። እኔ ዓመቱ ሳይሞላ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ፤ ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ቀረ። የአቶ እንየው ፎቅ እንግዲህ በደንቡ መሠረት ማንም ሊገባበት አይችልም። አቶ እንየው ሦስት ሴት ልጆቻቸውን የዳሩት እዚያ ላይ ነው።